ቀዩ ወርቅና የአያ ሞላ ንቦች

አዳማ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ላሊበላ ሄደሽ ነበር አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ እንዴት ናቸው?» አላየኋቸውም። ላሊበላ አድሬ፣ ጠዋት ቅዳሴውን በሩቁ ሰምቼ፣ ነጭ የለበሰ ሰው ቁልቁለቱን ሲወርድ ከአልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆኜ አይቼ፣ ከዚያ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። እናቴ ይህን የሰማች ጊዜ አኮረፈችኝ፤ እስካሁንም በደንብ አልታረቅንም። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ግማሹን ለእሷ ነው፣ እዚያ አገር ሄጄ ምን ስሠራ እንደነበር ትወቅልኝ። የመልሱን መንገድ ግን አልጽፈውም፤ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ነው ያለፈው።

የሄድኩት ለንብ ነው። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ሥራዬ ብርሃን ነው። አንድ ቤተ ሙከራ የምንጋራው ፈንታው ደግሞ ኬሚስት ነው፣ የእሱ ሥራ ወርቅ ማድቀቅ ነው። ፈንታው የዋድላ ልጅ ነው። ክረምቱ ላይ የአጎቱ የአያ ሞላ ንቦች በየቀፎው አለቁ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታቸው አያ ምስጋናው ስንዴያቸው ላይ የአረም መድኃኒት ረጭተው ስለነበር ነገሩ በእሳቸው ላይ ተላከከ። ሁለቱ ሰዎች አብረው ከብት ጠብቀው፣ አብረው አርሰው፣ በአንድ የማርያም ጽዋ ማኅበር ውስጥ ያረጁ ናቸው። አያ ሞላ ግን «ከእሱ እጅ ጽዋ አልቀበልም» ብለው ቀሩ። የጥቅምት ማርያም ተረኛ ደጋሽ ደግሞ አያ ምስጋናው ናቸው። በዚያ ቀን አያ ሞላ ከቀሩ ማኅበሩ ለሁለት መከፈሉ ነው፤ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ማኅበር ነው። የማኅበሩ አባት ቄስ ወርቁ «እስከዚያ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይመርምረው» አሉ፤ ፈንታውም ወደ እኔ ዞረ።

ምን እንደምንመረምርበት ልንገራችሁ፤ ለእናቴም እንዲገባት አድርጌ። ወርቅ በጣም ሲደቅ፣ ዓይን ቀርቶ ተራ ማይክሮስኮፕ እስከማያየው ድረስ ሲደቅ፣ ቢጫነቱን ይተውና ቀይ ይሆናል። ይህን ቀይ ወርቅ በትንንሽ መስታወት ላይ እናደርቀዋለን። ብርሃን ሲያርፍበት በወርቁ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአህያ እንደተጫነ ጠላ ባንድነት ይናወጣሉ፤ ያ መናወጥ ብርሃኑን እየጎተተ በቅንጣቶቹ መካከል ባለችው እጅግ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ያጭቀዋል። ብርሃን በራሱ እንዲህ ካለ ጠባብ ቦታ አይገባም። እዚያች ክፍተት ውስጥ የመርዝ ሽራፊ ካለ፣ የታጨቀው ብርሃን ይመታውና የመርዙን ምልክት ይዞ ይመለሳል። የእኔ ሳጥን ያንን ይቀበልና በኮምፒውተሩ ላይ የተራራ ሰንሰለት የመሰለ መስመር ይሥላል። እያንዳንዱ መርዝ የየራሱ ተራሮች አሉት። ከዚህ በላይ ማወቅ የሚፈልግ ክፍል ይምጣ።

ረቡዕ

ከአዳማ በሌሊት ወጥተን አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ሳጥኔ በፍተሻው ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ማሽኑ ቆመ። ፈታሿ ወጣት ሴት ናት። «ውስጡ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከትምህርት በቀር ሌላ ቋንቋ የማላውቅ ሰው ነኝና «ሌዘር» አልኩ። ፊቷ ተለዋወጠ። ፈንታው ከኋላዬ ሆኖ «ለንብ ነው፣ ለንብ ነው» ይላል። እሷ ይህን ስትሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ንብ አለበት እንዴ?»

ንብ አለመኖሩን፣ የሞቱ ንቦችን ልንመረምርበት መሆኑን፣ ብርሃኑም ብዕር ከሚያክል ነገር የሚወጣ መሆኑን ለማስረዳት ስንታገል አለቃዋም የአለቃዋ አለቃም መጡ። በመጨረሻ ሳጥኑን ከፍተው አዩት። አንደኛው «ይህን ያህል ያስጨነቅሽን ለዚህ ነው?» አለኝና ዘጋው። አውሮፕላኑ ላይ የገባነው የመጨረሻዎቹ ሆነን ነው፣ ሰው ሁሉ እያየን።

ላሊበላ ስንደርስ ፀሐዩ አለ፣ ሙቀቱ ግን የለም። እኛ አገር ፀሐይ ከወጣ ሞቀ ማለት ነው፤ እዚያ ፀሐዩ ለማየት ብቻ የተሰቀለ ይመስላል። በባጃጅ ዳገቱን ወጥተን አንድ አልጋ ቤት አረፍን። ባለቤቷ እንደ ልብ የምታወራ ሴት ናት። አዳማ ክፍል ስትከራዩ «ፋን አለው ወይ?» ነው የሚባለው፤ እዚያ «ብርድ ልብስ ይጨመርልኝ» አልኩ። ጨመረችልኝ። ቆይታ ደግሞ ሳልጠይቃት ሌላ ይዛ መጣች፤ «አንቺስ የቆላ ልጅ ነሽ፣ በብርድ የጠቆረውን ከንፈርሽን አይቼ ነው» አለችኝ። ማታ የጾም ሽሮ በቃሪያ በላን። ለምን እንደመጣን ስንነግራት «ለንብ ከሆነማ አገሩን አልሳታችሁም፤ የላሊበላ ስሙ ራሱ ከንብ ነው» ብላ ሳቀች፣ ለመንገድም ቆሎ ቋጠረችልን።

ሐሙስ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ቆመን ጠበቅን። ረዳቱ ሳጥኔን ከላይ ከዶሮዎቹ ጋር ሊያስረው ሲል አልሰጥም አልኩ። ጭኔ ላይ አቅፌው ተቀመጥኩ። መንገዱ ሲጠማዘዝ እኔም አብሬው ስጠማዘዝ አንዲት ከጎኔ የተቀመጡ እናት ዓይናቸውን ከሳጥኑ ላይ አልነቅል አሉ። በመጨረሻ «ልጄ፣ እንደ ታቦት የተሸከምሽው ምንድን ነው?» አሉኝ። እኔ መልስ ሳልመርጥ ፈንታው ከኋላ ወንበር ሆኖ «ወርቅ ነው» አላቸው።

ሚኒባሱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ጋሸና ድረስ አንድም ሰው አላንቀላፋም። ሹፌሩ በመስታወት ያየኛል። እኚያ እናት ነጠላቸውን አውልቀው ሳጥኑን ሸፈኑልኝና ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ፊት አይናገሩም» ብለው መከሩኝ። እውነቱን ነግሬያቸው፣ ያለው ወርቅ አንድ ላይ ቢሰበሰብ ለቀለበት ቀርቶ ለጥርስም እንደማይበቃ ብገልጽላቸው፣ «ጎሽ፣ እንደሱ በያቸው» አሉኝ። ፈንታውን ያን ቀን ሙሉ አላናገርኩትም።

ጋሸና ነፋሱ ሰው ይገፋል። የጭነት መኪናዎች በሁለቱም በኩል ቆመዋል፣ ሹፌሮች ትከሻቸውን ሰብስበው ከምግብ ቤት ወደ ምግብ ቤት ይሮጣሉ። እኛም ገብተን ጥብስ አዘዝን፤ እስኪመጣ እጄን ከሻይ ብርጭቆው ላይ አላነሳሁም። አስተናጋጁ ሻዩ ሳያልቅ ይሞላልኛል፤ ሦስተኛው ላይ «ይህንስ የምትጠጪው ነው ወይስ የምትሞቂው?» አለኝ። የምሞቀው ነው ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ከዚያ በአንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣበን ወደ ኮን ሄድን። ሹፌሩ ወደ መኪናው ስሻገር የረገጥኩትን፣ እስከ ጉልበቴ የወጣ ጭቃ አይቶ በጨርቅ እንድጠርግ ሲሰጠኝ፣ ጨርቁ ከጭቃው የባሰ ነበር፤ እሱም አይቶ ሳቀ።

ኮን ላይ አያ ሞላ ቆመው ይጠብቁናል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሰው ናቸው። ፈንታውን በጉንጩም በትከሻውም ሳሙት። እኔን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ደህና ገባሽ ወይ ልጄ? ሰው ሁሉ ደህና ነው? አባት እናት ደህና ናቸው?» አሉኝ። የአዳማ ሰላምታ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሳንቆም ያልቃል፤ የእሳቸው ሰላምታ ሳያልቅ ግማሽ መንገድ ሄደናል። ሳጥኑን ከእኔ ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

ቤታቸው ስንደርስ ከደጁ ያለችው ወይራ ላይ ቀፎዎቹን አየኋቸው። ተደርድረው ተሰቅለዋል፣ በጭቃና በእበት በወጉ የተለሰኑ ናቸው። ድምፅ የለም። እኔ ቀፎ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ያም ሆኖ የጎደለ ነገር እንዳለ ታወቀኝ። አያ ሞላ ወደዚያ ሳያዩ አለፉ። ከዚያ በኋላም ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፣ ከቤት ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነው የሚያልፉት።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ወዲያው በሶ በጥብጠው ሰጡን። ርቦኝ ነበርና ጥሩ ነው ብዬ አመሰገንኩ። «ይህማ ከተራው ገብስ ነው» አሉኝ ተሽኮርምመው። «የንቦቹ በሶ ነበር የሚጣፍጥ፤ ከዘር ገብሱ ነው የሚፈጭ። የሱ አባትም እንዲያ ነበር የሚያደርጉ። ክረምት አበባ ሲጠፋ ለንብ ከቤት የላቀው ነው የሚሰጥ።» ምሰሶው ላይ የተሰቀለች ቅል አሳዩኝ፤ የተረፈው እዚያ ውስጥ ነው። ንቦቹ ካለቁ በኋላ ማንም አልነካውም፣ የእነሱ ነው ተብሎ።

ያን ማታ መደቡ ላይ ሁለት ጋቢ ለብሼ ተኛሁ። እትዬ ጥሩ ሦስተኛውን ደረቡልኝ። መገላበጥ እንኳ አልቻልኩም፤ ግን ሞቀኝ።

ዓርብ

ጠዋት ስነቃ እትዬ ጥሩ ደስ ብሏቸው ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሰፌድ አለ፣ ሰፌዱ ላይ የእኔ ትንንሽ መስታወቶች ተደርድረው በፀሐይ ያብለጨልጫሉ። «እንዲህ ቆሽሸው እንዴት ይሠራሉ ብዬ በአመድ አሸሁልሽ» አሉኝ። «ያ ቀይ ነገር አልለቅ ብሎኝ ነበር። በገለባ ሳሸው ለቀቀ።»

ያ ቀይ ነገር ወርቁ ነበር። ፈንታው አንድ ወር ሙሉ የደከመበት ወርቅ ከአመድ ጋር ደጅ ላይ ፈሷል። ፈንታውን አየሁት፣ እሱም አየኝ። እትዬ ጥሩ ከፊታችን እየተረዱ መጡ። «ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?» አሉ። እኔ «ኧረ የለም እትዬ፣ ንጹሕ ነው» አልኩ። ፈንታው ግን የቤቱ ልጅ ነው፣ አላሳለፋቸውም። «እትዬ፣ ወርቅ በአመድ የሚያጥብ ባለጸጋ በአገሩ እርስዎ ብቻ ነዎት» አላቸው። ነገሩ ሲገባቸው ራሳቸውን ይዘው «ወየው ጉዴ» አሉ፤ ቀኑን ሙሉም ከእጄ ምግብ አልለይ አሉ። ደግነቱ ሦስት መስታወቶች ሳጥኑ ውስጥ ቀርተው ነበር። አንዱ ለንቦቹ፣ አንዱ ለአረም መድኃኒቱ፣ አንዱ ደግሞ ብሳሳት ለመድገም።

ረፋድ ላይ ቄስ ወርቁ ምስክር ሊሆኑ መጡ። የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ቀልዳቸው ግን አልደረቀም። ከቀሩት ቀይ መስታወቶች አንዷን ብርሃን ላይ ይዤ ወርቅ መሆኑን ስነግራቸው ዙሪያዋን አዩዋት። «ወርቅ ነው ካልሽ እንግዲህ አምንሻለሁ። እኔም በዓይኔ ያላየሁትን ስንት ነገር አምኜ ኖሬያለሁ» አሉ።

ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ውጭ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ተሰማ። አያ ምስጋናው ናቸው፣ አጭርና ወፍራም ሰው። ከረጩበት የተረፈውን መድኃኒት በጀሪካን ይዘው መጥተዋል። ግቡ ቢባሉ አልገቡም። ጀሪካኑን በአጥሩ ላይ አሻግረው ለእኔ ሰጡኝና «ያው እሱ ነው፣ ምንም አልቀነስኩበት» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «የረጨሁ ቀን ነፋስ ነበር። ወደዚህ ነበር የሚነፍስ» አሉኝ። አያ ሞላ ቤት ውስጥ ሆነው ይሰማሉ፣ አልወጡም። አያ ምስጋናው ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አካሄዳቸው የተከሳሽ አልነበረም፤ የተፈረደበት ሰው ነበር የሚመስለው።

ሥራው ጨለማ ይፈልጋል። ጓዳ ገብተን እኔና ፈንታው ከነሳጥኑ አንድ ጋቢ ተከናነብን። ቄስ ወርቁ ከውጭ ሆነው «እዚያ ውስጥ ደህና ናችሁ?» ይላሉ። አያ ሞላ የሞቱትን ንቦች በነጭ ጨርቅ ቋጥረው በጣሳ አስቀምጠዋቸው ነበር። ጨርቁን ራሳቸው ፈተው ሰጡን። ፈንታው ጥቂቶቹን ደቁሶ በአልኮል አጠበ፣ ጠብታዋን ወርቁ ላይ አደረቅን። ሌዘሩን አበራሁ። ቀጥሎ ከጀሪካኑ አንድ ጠብታ በሁለተኛው መስታወት ላይ።

የጀሪካኑ ተራሮች ወዲያው ወጡ፤ እንደሚባለው የአረም መድኃኒት ነው። የንቦቹ ተራሮች ግን ሌላ ነበሩ። አንድም ጫፍ አልገጠመም። ደጋግሜ አየሁት፣ ፈንታውም አየው። ጋቢውን ገልጬ ወጣሁና «አያ ምስጋናው አይደሉም» አልኩ።

ቄስ ወርቁ አማተቡ። አያ ሞላ ግን ደስ አላላቸውም፣ አልከፋቸውምም፤ ግራ ነው የተጋቡት። «ታዲያ ምን ገደላቸው?» አሉ። ከቤተ ሙከራችን ይዤ ከመጣሁት መዝገብ ጋር ሳስተያየው ቆየሁ። አንዱ ገጠመ። «የነቀዝ መድኃኒት ነው» አልኳቸው። «እህል ላይ የሚነሰነሰው፣ ያ ነጩ ዱቄት።»

እትዬ ጥሩ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዙረው ምሰሶው ላይ ያለችውን ቅል አዩ። እኔም አየኋት። ሦስተኛው መስታወት እጄ ላይ ነበር፣ ለመድገም ያስቀመጥኩት። ፈንታው ቅሏን አውርዶ ጥቂት በሶ ቆነጠረ። እውነቱን ለመናገር እንዳይገጥም ጸለይኩ፤ በሥራዬ ውጤት እንዲከሽፍ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ገጠመ።

አያ ሞላ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «የምንበላውን ገብስ መድኃኒት አናስነካም» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ዘሩን ብቻ ነው። ነቀዝ እንዳይበላው ብዬ ዘሩን ብቻ። አባቴ ሲነቅዝ በፀሐይ ነበር የሚያሰጣው። እኔ ነኝ ዱቄት የነሰነስኩበት።» «ከቤት የላቀውን ነው የሰጠኋቸው እኮ» አሉ። እትዬ ጥሩ አጠገባቸው ተቀመጡና ጉልበታቸውን ያዙ። እኔ ሌዘሩን አጠፋሁ።

ቄስ ወርቁ ሊሄዱ ሲነሱ አያ ሞላ «አባቴ፣ እስከ ነገ ለማንም አይንገሩብኝ» ብለው ለመኗቸው። «ለምስጋናው እኔው በአፌ ልንገረው።» እኛንም አስማሉን። ቅሏ ውስጥ የቀረውን ፈንታው ሰውም ከብትም የማይደርስበት ቦታ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው።

ቅዳሜ

የጥቅምት ማርያም ዕለት ነው። ጠዋት አያ ሞላ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ሲያማርጡ አገኘኋቸው። ፈንታው ነው ያስረዳኝ። በዚያ አገር የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል፤ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ በእጁ እስኪያወርድለት ድረስ አይነሳም። እኛ ሰፈር የተጣላ ሰው ቢበዛ ስልክ ይደውላል፣ ካልሆነም እስከ ለቅሶ ይቆያል።

ፈንታው ለአጎቱ አዝኖ አንዲት ልከኛ ድንጋይ መረጠላቸው። እትዬ ጥሩ ከበር ሆነው አዩዋት። «ያችን ለጉልቻ ተዋት» አሉት። «ክረምቱን ሙሉ ሰው አስቀይመን በጠጠር አንሄድም።» አያ ሞላም እሺ ብለው ትልቁን አነሱ። መንገዱ ሁለት ማሳ የሚያቋርጥ ነው፤ ግን በዚያ ድንጋይ ረጅም ሆነ። ደጋግመው ቆሙ። ፈንታው ሊያግዛቸው ሲጠጋ በዓይናቸው መለሱት።

የአያ ምስጋናው ቤት ማኅበርተኛው ሞልቷል። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቄስ ወርቁ ጸሎት ሊጀምሩ ነው። አያ ሞላ ደጁ ላይ ሲንበረከኩ ውስጥ ያለው ወሬ አንድ በአንድ ጠፋ። አያ ምስጋናው ጠላ መቅጃውን እንደያዙ ወጡ።

«ሞላ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉ።

«ንቦቹን የገደልሁ እኔ ነኝ» አሉ አያ ሞላ፣ ራሳቸውን ወደ መሬት እንዳዘነበሉ። «መድኃኒት የነካው በሶ በእጄ አብልቻቸው ነው። አንተን ግን በአገር ፊት ገዳይ አልሁህ። ስለ እመቤታችን ብለህ ይቅር በለኝ።»

ሁላችንም የምንጠብቀው ያንን ቃል ነው። አያ ምስጋናው ግን አላሉትም። መቅጃውን መሬት አስቀምጠው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ አይደለሁም?» ብለው ቄስ ወርቁን ጠየቁ። ቄሱ «አይደለህም» አሏቸው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ እርግጥ ነው? ነፋስ ነበር እኮ።» «እርግጥ ነው አባቴ፣ የእርስዎ መድኃኒት ንቦቹ ላይ የለም» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ብዬ ንስሐ ገብቼበት ነበር እኮ» አሉ አያ ምስጋናው። ድምፃቸው ግራ የተጋባ ሕፃን ድምፅ ነው። «ክረምቱን ሙሉ ሰገድሁበት እኮ።»

ሰው ሁሉ ወደ ቄስ ወርቁ ዞረ። የተናዘዘ ሰው ምሥጢር ነውና ያን ሁሉ ጊዜ በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። አሁን ራሳቸውን አቀረቀሩ፣ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፣ ግን ሳቃቸውን እየታገሉ ነው። «እኔ ምን ላድርግህ ምስጋናው? የነገርከኝን አምኜ ነው ቀኖና የሰጠሁህ» አሉ። «የተሰገደ ስግደት እንደሆን አይመለስ። ለሌላው ኃጢአትህ ይያዝልህ።»

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ እንባው ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም። ከድንጋዩ ሥር የአያ ሞላ ድምፅ መጣ። «አባቴ፣ ለእኔ ቢዛወርልኝስ?»

«ኧረ ወዲያ» አሉ ቄስ ወርቁ። «ጉልበት አይዋሱም። ዛሬ የእመቤታችን ነው፣ ነገ ሰንበት ነው። ከሰኞ ጀምረህ በራስህ ጉልበት ትሰግዳለህ።»

አያ ምስጋናው ያን ጊዜ ተነሱ። ድንጋዩን ለማውረድ ሁለት እጅ ፈለጉ፣ አቃስተውም አወረዱት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ማኅበርተኛው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ተቀበላቸው። አያ ሞላ ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው፤ አያ ምስጋናው በብብታቸው ገብተው አነሷቸው።

«ሰኞ እኔም እመጣለሁ» አሏቸው ወደ ቤት እየደገፉ ሲያስገቧቸው።

«አንተ ምን ልትሠራ? ጨርሰሃል አሉህ እኮ።»

«አብሬህ ልሰግድ ነዋ። ብቻ መስገድ እንዴት እንደሚከብድ ክረምቱን አይቸዋለሁ።»

አያ ሞላ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ አያ ምስጋናው ጽዋውን ሞልተው በእጃቸው ሰጧቸው፣ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ።